በአንድ ጆንያ ሺህ ደረሰኝ
የቡና ነጋዴውን ኮምፒዩተር ከሥራ ውጭ የሚያደርገው ትንሽ ፋይል

የጅማ ቡና ነጋዴ አጭበርባሪን በመለየት የሚታማ አይደለም። ሚዛን የሚያዛባውን፣ ጀንፈሉ ውስጥ ጠጠር የሚቀላቅለውን፣ ያልደረቀውን ቡና ደርቋል ብሎ የሚያቀርበውን ጆንያው ሳይፈታ ያውቀዋል። በቢሮው ኮምፒዩተር በኩል ሊመጣበት የሚችለው ጉዳት ግን በእጅ ተዳስሶ፣ በአፍንጫ ተሽትቶ አይታወቅም። መጠኑ 42 ኪሎ ባይት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በሞባይል ከተነሳች አንዲት ፎቶግራፍ እጅግ ያነሰ ማለት ነው። ገንዘብ አይሰርቅም፣ የይለፍ ቃልም አይገለብጥም። ኮምፒዩተሩን ያስቆማል፤ በቃ።

ጉዳዩ ፋይሎችን አምቀው የሚያስቀምጡትን፣ በተለምዶ “ዚፕ ማድረጊያ” የሚባሉትን ሶፍትዌሮች ይመለከታል። ዊንራር እና ሰቨን ዚፕ በአገራችን ቢሮዎችም የታወቁ ናቸው። የዚፕ ፋይል አባት የሚባለው አሜሪካዊው ፊል ካትዝ ሥራውን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ ዛሬ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይጠቀምበታል። የአዲሱ ኤክሴል ሠንጠረዥ፣ የአዲሱ ወርድ ሰነድ፣ የካርታ ነጥቦችን የሚይዘው ኬ.ኤም.ዚ. ፋይል ሁሉም ውስጣቸው ሲታይ ዚፕ ናቸው።

ቡናና ዚፕን ምን አገናኛቸው?

ቡና ከአገር የሚወጣው በጆንያ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ጭምር ነው። የሽያጭ ውል፣ የጭነት ሰነድ፣ የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ፣ የምርት መነሻ ማረጋገጫ ተሟልተው ካልቀረቡ ገዢው አይከፍልም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደንብ ቁጥር 2023/1115 ደግሞ በዚህ ላይ ሌላ ሸክም ጨምሯል። ወደ ኅብረቱ አገሮች የሚገባ ቡና እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት ያልተለቀመ መሆኑ፣ የበቀለበት ማሳ ከእነ ካርታ ነጥቡ ቀርቦ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ዙሪያው ተለክቶ ሲቀርብ ከዚያ በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ይበቃል።

ይህ ለብራዚል ባለ ሰፊ እርሻ ቀላል ነው። ከጎማ፣ ከማና፣ ከጌራ ወይም ከሊሙ ኮሳ ለሚገዛ ሰው ግን አንድ ኮንቴይነር ለመሙላት በአሥር፣ አንዳንዴም በመቶ የሚቆጠሩ ገበሬዎች ቡና ይቀላቀላል። የእያንዳንዱ ነጥብ ከቀበሌ ሰብሳቢ ወደ አቅራቢ፣ ከአቅራቢ ወደ ላኪ፣ ከላኪ ወደ ገዢ ይተላለፋል። ኢንተርኔቱ አስተማማኝ ባልሆነበት ቦታ ደግሞ ብዙ ፋይል በአንድ ጊዜ ለመላክ ዘዴው ማመቅ ነው። ስለዚህ በመንደራ ቆጪ ያለ አንድ አነስተኛ የቡና ቢሮ ከማያውቀው ሰው የመጣ ዚፕ መክፈት ከሥራው ጠባይ የመጣ ግዴታው ይሆናል ማለት ነው።

ማመቅ ራሱ ምትሃት የለውም። “ጀንፈል” የሚለውን ቃል ሺህ ጊዜ ደጋግሞ ከመጻፍ ይልቅ “ጀንፈል፣ ሺህ ጊዜ” ብሎ ማሳጠር ነው። ተቀባዩ ጋ ሲደርስ ሶፍትዌሩ ሺውንም መልሶ ይዘረግፋል። የተለመደው የዚፕ ስልት አንድ ባይትን ቢበዛ ወደ 1,032 ባይት መለጠጥ ይችላል። ተንኮለኛው የገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። “42 ዚፕ” በሚል ስም የታወቀው ፋይል ውስጥ 16 ዚፖች አሉ፤ በእነዚያ ውስጥ ሌላ 16፣ እንዲህ እያለ እስከ አምስት ደረጃ ይወርዳል። በመጨረሻው ሥር ያለው እያንዳንዱ ፋይል 4 ጊጋ ባይት ገደማ ባዶ ነገር ይዟል። ሁሉም ቢዘረገፍ 4.5 ፔታ ባይት ይሞላል። አንድ ቴራ ባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ 4,500 ያህል ያስፈልጋል ማለት ነው። ባለሙያዎች “የዚፕ ቦምብ” ይሉታል።

የዚህ ቦምብ ድክመት ዚፕ በዚፕ ውስጥ መሆኑ ነው። የላይኛውን ብቻ የሚፈታ ሶፍትዌር ጉዳት አይደርስበትም፤ ዋና ሰለባዎቹም የገባውን ፋይል እስከ ሥሩ እየፈቱ የሚመረምሩ የፀረ ቫይረስና የኢሜይል ማጣሪያ ፕሮግራሞች ነበሩ። ጠባቂው ራሱ ተጠልፎ ይወድቃል። በኋላ ግን ማጣሪያዎቹ ከዚህ ደረጃ በታች አንወርድም ብለው ወሰን አበጁ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ዴቪድ ፊፊልድ የተባለ ተመራማሪ ይህም እንደማይበቃ አሳየ። ዘዴውን ለጅማ ነጋዴ ለማስረዳት የኢትዮጵያ ምርት ገበያን የመጋዘን ደረሰኝ ማስታወስ ይበቃል። መጋዘኑ ውስጥ አንድ ጆንያ ቡና ብቻ ተቀምጦ በላዩ ላይ ሺህ ደረሰኝ ተቆርጧል እንበል። እያንዳንዱ ደረሰኝ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው፤ የሚጠቅሰው ጆንያም በቦታው አለ። ሺህ ባለ ደረሰኝ ተራ በተራ ሲቀርብ ግን መጋዘኑ ሺህ ጆንያ እንዲያወጣ ይገደዳል። የዚፕ ፋይልም በመጨረሻው ላይ የይዘት መዝገብ አለው። ፊፊልድ በመዝገቡ የተዘረዘሩት ፋይሎች ሁሉ አንዱን የታመቀ ክምር እንዲጋሩ አደረገ። በዚህ መንገድ 42 ኪሎ ባይት የነበረው አንድ ጊዜ ብቻ ሲፈታ 5.5 ጊጋ ባይት፣ 10 ሜጋ ባይት የነበረው 281 ቴራ ባይት ሆነ። በዚፕ ውስጥ ዚፕ አያስፈልግም።

መፍትሔውም እንደ ማንኛውም ቁጥጥር ዋጋ ነበረው። አንዱ የታወቀ የዚፕ መፍቻ የተደራረቡ መዝገቦችን ያለበትን ፋይል አልቀበልም እንዲል ሲስተካከል፣ የፋየርፎክስ አሳሽን አካል የሆነ ንጹሕ ፋይል ጭምር ቦምብ ነው ብሎ መለሰ። በቡና ቅምሻም የሆነው ይሆናል፤ ቀማሹ ጥብቅ በሆነ ቁጥር ጥሩውም ቡና ከደረጃ ይወርዳል።

ከቦምቡ ሌላ ሁለተኛ ዓይነት አለ። ቦምቡ የሶፍትዌሩን ትክክለኛ ሥራ በራሱ ላይ የሚያዞር ሲሆን፣ ሁለተኛው በሶፍትዌሩ አሠራር ውስጥ ያለ ስህተትን ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 የወጣው ሰቨን ዚፕ ቁጥር 25.00 እንዲህ ያሉ ሁለት ስህተቶችን ዘግቷል። ሆን ተብሎ የተበላሸ ፋይል ሲከፈት ፕሮግራሙ በማስታወሻው ላይ ሥርዓት አጥቶ ይወድቃል። አንድ ተጠቃሚ ላይ ሲደርስ እንደገና መክፈት ነው። ከጀርባ ሆኖ የደንበኞችን ፋይል ቀኑን ሙሉ በሚፈታ ሰርቨር ላይ ሲደርስ ግን ጉዳዩ ይለወጣል።

ነጋዴ በተለይ የሚፈለግ መሆኑን የሚያሳይ የባሰ ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ የአክሲዮንና የገንዘብ ነጋዴዎች ወደሚገናኙባቸው መድረኮች “የግብይት ስልት” የተባሉ የታመቁ ፋይሎች ይላኩ ነበር። በዊንራር ከፍቶ ሥዕሉን የተጫነ ሰው ሳያውቅ ጎጂ ፕሮግራም ያስነሳል። ጉዳዩን ያጋለጠው ግሩፕ አይቢ የተባለ የደኅንነት ኩባንያ 130 የነጋዴዎች ኮምፒዩተሮች ተጠቅተው ማግኘቱን ገልጿል። ዊንራር ቀዳዳውን የዘጋው በኦገስት ወር መግቢያ ላይ ባወጣው ቁጥር 6.23 ነው፤ ሆኖም ዊንራር ራሱን በራሱ አያድስም። ባለቤቱ ካላደሰው አሮጌው እንዳለ ይኖራል።

ሒሳቡ ምን ይላል?

በተለምዶ አንድ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ፣ ማለትም 19.2 ቶን ቡና ይይዛል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 የኒውዮርክ ገበያ ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። የጅማ ቡናን የደረጃ ልዩነት ትተን በ4 ዶላር ብናሰላው ኮንቴይነሩ 169 ሺህ ዶላር ገደማ ያወጣል። በዓመት 15 በመቶ ወለድ ተበድሮ የገዛ ላኪ፣ ሰነዱ በአንድ ቀን ሲዘገይበት የሚያጣው 70 ዶላር ያህል ነው። ይህ የሚቻል ወጪ ነው። ዋጋው ያልተቆረጠ ውል ከሆነና ገበያው በዚያ መሀል በፓውንድ 5 ሳንቲም ቢወርድ ግን ከ2,100 ዶላር በላይ ይሄዳል። ጂቡቲ ላይ መርከብ ካመለጠ ደግሞ ሒሳቡ በሌላ ቋንቋ ነው የሚሠራው።

በአንፃሩ የመከላከያው ወጪ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሰቨን ዚፕ በነፃ የሚገኝ ሲሆን አዲሱን ለማውረድ ከሁለት ሜጋ ባይት አይበልጥም። ያልታወቀ ዚፕ ሳይፈታ ዝርዝሩን ማየት፣ ሲዘረገፍ ስንት ጊጋ ባይት እንደሚሆን ማንበብ፣ የሒሳብ መዝገቡ በተቀመጠበት ብቸኛ ኮምፒዩተር ላይ አለመክፈት ገንዘብ አይጠይቅም። የካርታ ነጥብ የያዘ ፋይል ሲፈታ 100 ጊጋ ባይት ይሆናል የሚል ዝርዝር ከታየ፣ ያ ፋይል ማሳ አልያዘም።

ታዲያ ለምን አይደረግም? ምክንያቱ ከቴክኒክ ይልቅ ክፍያ ላይ ነው። ለኮምፒዩተር ባለሙያው የሚከፈለው ማሽኑ ሲበላሽ ተጠርቶ ሲመጣ ነው። ሳይበላሽ እንዲቆይ ላደረገበት ወር የሚከፍለው የለም፤ ስለዚህም ያልተከፈለበትን ሥራ አይሠራም። ላኪውም የራሱን ኮምፒዩተር ቢያድስ እንኳ ፋይሉን የላከለት አቅራቢ ካላደሰ ከጉዳቱ አይድንም፤ ወጪው የአንዱ፣ ጥቅሙ የሁሉም ይሆናል። የምጣኔ ሀብት ተማሪ ይህን በመጀመሪያ ዓመት ያገኘዋል።

ሥራ የቆመበት ሰዓት ኪሳራ መሆኑ በአገራችን ገና በቅጡ አይቆጠርም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ችግር ሲገጥመው፣ ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገልጾ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋርጦ ነበር። ሕዝቡ ያለ አግባብ ስለ ወጣው ገንዘብ ሳምንታት አወራ። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ስላልተከፈለው ጀንፈል፣ ስላልተነሳው ጭነት ያወራ ግን ጥቂት ነው።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የኮምፒዩተርን ሥራ ሆን ብሎ ማወክን በወንጀል ያስቀጣል። አዋጁ አለ፤ ነገር ግን ፋይሉ አራት እጅ አልፎ፣ በፍላሽ ተገልብጦ ከመጣ ማን ሆን ብሎ እንዳደረገው ማስረዳት ለከሳሹ ከባድ ነው።

የአውሮፓው ደንብ መጀመሪያ ሊጸና የነበረው እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ሲሆን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 በተደረገው ሁለተኛ ማራዘሚያ ለትላልቆቹና ለመካከለኛዎቹ አስመጪዎች የተሰጠው ቀን ዲሴምበር 30 ቀን 2026 ነው። ያ ቀን ለጅማ ገበሬ የለቀማ ወቅት መጨረሻ፣ ለአቅራቢው ደግሞ ጀንፈሉ ወደ መጋዘን፣ ዚፑም ወደ ቢሮው የሚጎርፍበት ሰሞን ላይ ይውላል።