የስማርት ካርድ ስታንዳርዶች ፉክክር

ስማርት ካርድ መረጃ የሚይዝ ወይም ስሌት የሚሠራ ቺፕ የተገጠመለት ካርድ ነው። የባንክ ካርድ፣ የስልክ ሲምና በብዙ አገሮች የሚሠራበት የባቡር መሳፈሪያ ካርድ ከዚህ ወገን ናቸው። ካርዱና የሚያነበው ማሽን በአንድ ስታንዳርድ ካልተሠሩ አይግባቡም። በመሆኑም በቴክኖሎጂው ላይ ገንዘብ ለሚያፈስ ድርጅት ከሁሉ የሚከብደው ሌሎች የትኛውን ስታንዳርድ እንደሚይዙ አስቀድሞ መገመት ነው።

የፈረንሳይ ልምድ

ፈረንሳዊው ሮላን ሞሬኖ የቺፕ ካርድ ፓተንቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። የአገሩ ባንኮች ሌላውን ዓለም ሳይጠብቁ በራሳቸው ስታንዳርድ ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 መጨረሻ የፈረንሳይ የባንክ ካርዶች በሙሉ ቺፕ ነበራቸው። በሐሰተኛ ካርድ የሚደርሰው ኪሳራም ቀነሰ።

መቅደም ግን የራሱ ዋጋ ነበረው። በመጀመሪያዎቹ የፈረንሳይ ካርዶች ላይ ቺፑ የተቀመጠው አይኤስኦ 7816 የተባለው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ከወሰነው ቦታ ከፍ ብሎ ነበር። ልዩነቱ በሚሊሜትር የሚለካ ቢሆንም ሁለቱንም ካርዶች የሚቀበል ማሽን በሁለት ቦታ ማንበብ ነበረበት። በኋላ ዩሮፔይ፣ ማስተርካርድና ቪዛ በጋራ ያወጡት ኢኤምቪ ሲስፋፋ፣ ፈረንሳይ በደንብ ይሠራ የነበረውን ሥርዓቷን እንደገና ቀየረች።

ወጪውን ማን ይሸፍን?

አንድ ካርድ ርካሽ ነው፤ ገንዘብ የሚበላው በየሱቁ የሚቀመጠው ማሽንና ከጀርባው ያለው ሶፍትዌር ነው። ማሽኑን የሚገዛው ብዙ ጊዜ ነጋዴው ሲሆን፣ ማጭበርበር ሲቀንስ በቅድሚያ የሚጠቀመው ባንኩ ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ሁሉም ሌላው እስኪጀምር ይጠብቃል። የካርድ ኩባንያዎቹ ይህን የፈቱት ኪሳራውን በማዛወር ነው፦ ባለ ቺፕ ካርድ ተመሳስሎ ቺፕ በማያነብ ማሽን ላይ ቢሠራበት፣ ዕዳው ወደ ነጋዴው ወገን ይሄዳል። ደንቡ በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2005፣ በአሜሪካ በጥቅምት 2015 ሥራ ላይ ዋለ። አሜሪካ እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው በማግኔት መስመር ካርድ ቆይታለች።

ስታንዳርድ መስማማቱ ብቻውንም ገበያ አይፈጥርም። እ.ኤ.አ. በ1997 በኒውዮርክ ሞንዴክስና ቪዛ ካሽ የተባሉ ሁለት ተፎካካሪ የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ካርዶች በአንድ ማሽን እንዲሠሩ ተሞክሮ ነበር። ሰው ግን ጥሬ ገንዘቡን አልተወም፤ ሙከራው በቀጣዩ ዓመት ቆመ።

ንክኪ የሌላቸው ካርዶች

ማሽኑ ላይ ሳይሰኩ በማስጠጋት ብቻ ለሚሠሩ ካርዶች የወጣው አይኤስኦ 14443 ራሱ ዓይነት ኤ እና ዓይነት ቢ ተብሎ ተከፍሏል፤ አምራቾች በአንዱ ላይ መስማማት ስላልቻሉ ሁለቱም ጸደቁ። የሶኒው ፌሊካ ሦስተኛ ሆኖ ቢቀርብም ተቀባይነት አላገኘም። ሆኖም የሆንግ ኮንጉ ኦክቶፐስ ከ1997፣ የጃፓኑ ሱይካ ከ2001 ጀምሮ በፌሊካ ሠርተዋል፤ ፍጥነቱ በተጨናነቁ ጣቢያዎች ይፈለግ ነበርና።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የአንድ ባንክ ካርድ ለረጅም ጊዜ በሌላው ባንክ ኤቲኤም አይሠራም ነበር። እዚህ ላይ ዋናው እንቅፋት ቺፑ ሳይሆን ባንኮቹን የሚያገናኝ የጋራ መስመር አለመኖሩ ነበር። ባንኮች እ.ኤ.አ. በ2011 በጋራ ያቋቋሙት ኢትስዊች በ2016 ኤቲኤሞቻቸውን ማስተሳሰር ጀመረ።