የሱቃችሁ ኮምፒዩተር ሜሞሪ ለማን ክፍት ነው?

በሴንት ጄምስ ታውንና በአካባቢው ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያላችሁ ወገኖቻችን አንዱን ኮምፒዩተር ለብዙ ጉዳይ እንደምትጠቀሙበት እናውቃለን። ቀን የሽያጭ ሒሳብ ይያዝበታል፤ ማታ ለዘመድ የስፖንሰር ፎርም ይሞላበታል፤ ከትምህርት ቤት የመጣው ልጅ ደግሞ ጌም ይጫወትበታል። የዛሬው ጉዳያችን የሚጀምረው ከልጁ ጨዋታ ነው።

ልጁ በጨዋታው ውስጥ 100 ሳንቲም አለው እንበል። ይህ ቁጥር ጨዋታው በሚሠራበት ጊዜ የሚቀመጠው ሜሞሪ በሚባለው የኮምፒዩተሩ ክፍል ነው። ልጆች «ቺት ኢንጂን» በሚባለው ፕሮግራም አማካይነት 100 የሚለው ቁጥር የት የት እንደሚገኝ ሜሞሪውን ያስሱታል፤ ብዙ ቦታ ይገኛል። ከዚያ 10 ሳንቲም ያጠፉና ከእነዚያ ቦታዎች የትኛው ወደ 90 እንደተለወጠ እንደገና ይፈልጋሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ አንድ ቦታ ብቻ ይቀራል። እዚያ ላይ 99,999 ብለው ቢጽፉበት ጨዋታው ሳይጠይቅ ይቀበላል። ብቻውን የሚጫወት ልጅ ይህን ቢያደርግ ማንንም አይጎዳም፤ እንዲያውም ብዙ ይማርበታል።

ታዲያ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ሜሞሪ እንዴት ሊያነብና ሊለውጥ ቻለ? እንደ ደንቡ ፕሮግራሞች በአንድ ሕንፃ እንዳሉ አፓርትመንቶች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ቤት አያይም። ነገር ግን የሕንፃው ሱፐር ለጥገና የሚሆን ቁልፍ እንደሚይዝ ሁሉ፣ ዊንዶውስም «ሪድ ፕሮሰስ ሜሞሪ» እና «ራይት ፕሮሰስ ሜሞሪ» የሚባሉ ሁለት በሮች አሉት። ዋና ጥቅማቸው የፕሮግራም ሠሪዎች ስሕተት እንዲፈልጉባቸው ነው። ቁልፉን የሚሰጠው የተጠቃሚው ሥልጣን ነው፤ «አድሚኒስትሬተር» ሆኖ የገባ ሰው ያስነሳው ፕሮግራም የማይከፍተው ቤት ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ካሽ ሬጅስተሩ እንምጣ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ2013 መጨረሻ በአሜሪካ ከታርጌት ሱቆች የ40 ሚሊዮን ካርዶች መረጃ ተሰረቀ። ሌቦቹ የገቡት ለድርጅቱ የማቀዝቀዣ ሥራ ይሠራ ከነበረ ኮንትራክተር በተሰረቀ የይለፍ ቃል ነበር። በ2014 ደግሞ ከሆም ዲፖ የአሜሪካና የካናዳ ሱቆች 56 ሚሊዮን ካርዶች ተወሰዱ። በሁለቱም ቦታ የሌቦቹ ፕሮግራም የካሽ ሬጅስተሮቹን ሜሞሪ እያነበበ የካርድ ቁጥር የሚመስለውን ሁሉ ይለቅም ነበር። «የእኔ ሲስተም መረጃውን በምስጢር ኮድ ይቆልፋል» የሚል ባለሱቅ ይኖራል። ልክ ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ በዲስክ ላይና በመስመር ላይ ቢቆለፍም፣ ፕሮግራሙ ሊሠራበት ሲል በሜሞሪ ውስጥ ለአንድ አፍታ ይከፈታል። ሌባው የሚጠብቀው ያችን አፍታ ነው።

ለእኛ ወገኖች ነገሩ ከሱቅ ያልፋል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በ2012 ለባሕሬን ተሟጋቾች የተላከ የስለላ ፕሮግራም ሲመረምር፣ ፕሮግራሙ በሌሎች ፕሮግራሞች ሜሞሪ ውስጥ ራሱን አስገብቶ ተደብቆ ነበር። መርማሪዎቹም ያንኑ ሜሞሪ አንብበው «ፊንስፓይ» የሚለውን ስሙን አገኙበት። በ2013 ይኸው ፊንስፓይ የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ ለኢትዮጵያውያን መላኩን አስታወቁ። በ2014 በሜሪላንድ የሚኖር ኢትዮጵያ የተወለደ አሜሪካዊ፣ ኪዳኔ በሚል የብዕር ስም፣ የስካይፕ ንግግሬ በዚህ ፕሮግራም ተቀድቷል ሲል የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። የስካይፕ ንግግር በመስመር ላይ የተቆለፈ ነበር፤ በተናጋሪው ኮምፒዩተር ውስጥ ግን አይደለም። በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የውጭ መንግሥት በዚህ ጉዳይ በአሜሪካ አይከሰስም ብሎ ዘጋበት።

ስለዚህ የካርድ ማሽን ስትከራዩ «ቁጥሩ የሚቆለፈው እዚያው ማሽኑ ውስጥ ነው ወይስ ኮምፒዩተሬ ከደረሰ በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ። እዚያው ከተቆለፈ ኮምፒዩተራችሁ ቢጠለፍም የሚነበብ ቁጥር አያገኙበትም። በቺፕ መክፈልም ይረዳል፤ ለእያንዳንዱ ግብይት የተለየ ኮድ ስለሚሰጥ ከተሰረቀው መረጃ ሌላ ካርድ ለመሥራት ያስቸግራል። በዕለት ተዕለት ሥራም በአድሚኒስትሬተር ስም አትግቡ።

በካናዳ ሕግ ደግሞ ከኖቬምበር 1 ቀን 2018 ጀምሮ፣ የደንበኞች መረጃ ወጥቶ ከባድ ጉዳት ሊያስከትል የሚችል ከሆነ ትንሹም ሱቅ ለፌዴራሉ የፕራይቬሲ ኮሚሽነርና ለደንበኞቹ ማሳወቅ አለበት። የማንኛውንም መሰል አደጋ መዝገብ 24 ወር ማቆየትም ግዴታ ነው። እያወቀ ያላደረገ እስከ 100,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል።

ልጁን ግን አትቆጡት። ከኢንተርኔት የሚያወርዳቸው የጨዋታ ማጭበርበሪያዎች ብዙ ጊዜ «ጸረ ቫይረሱን አጥፋ፣ የአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ስጠኝ» ይላሉ፤ ፕሮግራሙ ክፉም ቢሆን ደግም ቢሆን የሚጠይቀው ይህንኑ ነውና ከውጭ አይለይም። ያገለገለ ኮምፒዩተር ግዙለትና እዚያ ላይ እንደፈለገ ይሞክር።