ቆንስሉና ኩባንያው፦ እንግሊዞች በኩዜስታን

የካሩን ወንዝ ከዛግሮስ ተራሮች ወርዶ፣ የኩዜስታንን ለጥ ያለ ሜዳ አቋርጦ ሻት አል አረብ ከሚባለው ሰፊ ውሃ ጋር ሲገናኝ፣ ዳርቻው ላይ ኮራምሻህር የተባለች የወደብ ከተማ አለች። ከእሷ ዝቅ ብሎ አባዳን ይገኛል፤ በካሩን ሽቅብ ለሚጓዝ ደግሞ አህዋዝ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ በዚህ የደቡብ ምዕራብ ኢራን ክፍለ ሀገር፣ በአህዋዝና በኮራምሻህር፣ የእንግሊዝ ቆንስሎች ተቀምጠው ይሠሩ ነበር። ጦርነቱ ባለቀ በሰባተኛው ዓመት፣ በ1952፣ የኢራን መንግሥት በሮቻቸውን አዘጋ። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ቆንስል ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው፣ ይህን ያህል የሚያስቆጣ ምን ነገር አለው ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

አምባሳደር ዋና ከተማ ተቀምጦ ከንጉሥና ከሚኒስትር ጋር ይነጋገራል። ቆንስል ግን ከተራ ሰው ጉዳይ አይርቅም። መርከበኛ ወደብ ላይ ታሞ ሲቀር፣ ነጋዴ በሰው አገር ሞቶ ውርሱ ሲንጠለጠል፣ ልጅ ሲወለድ፣ ጋብቻ ሲፈጸም፣ ፓስፖርት ሲጠፋ፣ የመርከብ ሰነድ ማኅተም ሲፈልግ የሚኬደው ወደ እሱ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን በየጊዜው ቴህራን ላለው ኤምባሲ ዘገባ ይልካል፤ የትኛው አገረ ገዥ ተሾመ፣ የጎሳ አለቆች ምን እያሉ ነው፣ የእህል ዋጋ ወጣ ወይስ ወረደ፣ ሠራተኛው ምን ያጉረመርማል። ዛሬ የዚያን ዘመን ኩዜስታን ለማጥናት የሚነሳ ተመራማሪ እነዚህን ዘገባዎች ሳያገላብጥ አይሆንለትም። ጸሐፊዎቹ የሚያዩትን በራሳቸው መንግሥት ዓይን ቢያዩም፣ ከቦታው አልራቁም ነበር።

እንግሊዞች እዚህ የደረሱት ከነዳጅ በፊት ነው። የፋርስ፣ ማለትም የኢራን፣ ንጉሥ በ1888 ካሩንን ለውጭ መርከቦች ሲከፍት ሊንች የተባለው የእንግሊዝ የንግድ ቤት እንፋሎት መርከቡን ይዞ ገባ፤ ቆይቶም ከአህዋዝ በባክቲያሪ ተራሮች በኩል እስከ ኢስፋሃን የሚዘልቅ የቅፍለት መንገድ አስጠረገ። በዚያን ጊዜ ሞሐመራ ትባል በነበረችው በኮራምሻህር ምክትል ቆንስል የተቀመጠው በ1890 ነው። የቆንስሉ ክንድ ብርቱ ነበር። ሩሲያ በ1828ቱ የቱርክመንቻይ ውል ያገኘችውን መብት ሌሎቹ ኃያላን ተከትለው ስለወሰዱት፣ የእንግሊዝ ዜጋ በፋርስ ዳኛ ፊት ብቻውን አይቆምም፤ ቆንስሉ አብሮት አለ። የእኛም አገር በ1908 ከፈረንሳይ ጋር በተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል የዚህ ዓይነቱን ቀንበር ቀምሳዋለች።

ከዚያ ነዳጅ መጣ። ዊልያም ኖክስ ዳርሲ በ1901 የነዳጅ ፍለጋውን ውል ያዘ፤ በሜይ 1908 መስጂድ ሶሌይማን ላይ ዘይቱ ፈለቀ። በ1909 ለማጣሪያው የሚሆነውን የአባዳንን መሬት ከሞሐመራው ባላባት ከሼክ ኻዝአል ጋር ተደራድሮ ያስገኘው ኋላ አንግሎ ኢራኒያን የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ሰው እንዳይመስላችሁ። የተደራደረው በባሕረ ሰላጤው የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል የነበረው ሰር ፐርሲ ኮክስ ነው። በዚያው ሰሞን ቁፋሮውን ይጠብቅ የነበረው መኮንን አርኖልድ ዊልሰን በሞሐመራ የቆንስሉን ሥራ ተክቶ ሠራ፤ ዓመታት አልፈው ደግሞ ያው ሰው የኩባንያው ሥራ መሪ ሆነ። ወንበሮቹ ይህን ያህል የተጠጋጉ ነበሩ። በ1914 የለንደን መንግሥት የኩባንያውን አክሲዮን ከግማሽ በላይ ገዛ፤ ውሳኔ መሻር የሚችሉ ሁለት ዳይሬክተሮችም አስቀመጠ።

ለእኔ የታሪኩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከ1914 በኋላ በኩዜስታን የተሾመ የእንግሊዝ ቆንስል ሁሉ የሚያገለግለው መንግሥት በአገሩ ትልቁ አሠሪ ውስጥ ዋናው ባለአክሲዮን ነበር። ቆንስሉ በግሉ ቅን ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹም ትጉህ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። ነገር ግን ለአንድ ሠራተኛ አቤቱታ ጆሮ ሲሰጥም፣ ለአንድ ሼክ ሻይ ሲጋብዝም፣ ከጀርባው የሚታየው የማጣሪያው ጭስ ማውጫ ነው።

ኋላ የኢራን ንጉሥ የሆነው ሬዛ ሻህ ይህን ግንኙነት ለማላላት ሞክሯል። ሼክ ኻዝአልን በ1925 ይዞ ቴህራን አስቀመጠው፤ እንግሊዞችም የረጅም ጊዜ ወዳጃቸውን አላዳኑትም። አረቢስታን ይባል የነበረው ክፍለ ሀገር ኩዜስታን፣ ሞሐመራም ኮራምሻህር ተባሉ። በ1928 የውጭ ዜጎች የዳኝነት ልዩ መብት ቀረ፤ ቆንስሉም የፍርድ ሥልጣኑን አጣ። ኩባንያው ግን በ1933 ውሉን አድሶ እስከ 1993 አስረዘመ። በኦገስት 1941 የእንግሊዝና የሶቪየት ጦር አገሩን ሲወር የኢራን ባሕር ኃይል አዛዥ ባያንዶር የተገደለው እዚሁ ኮራምሻህር ነው። ወደቡና የባቡር ሐዲዱ ለሶቪየት ኅብረት የሚላከው የጦር ዕቃ መተላለፊያ ሆኑ። የእንግሊዝ ወታደሮች በ1946 መጀመሪያ ሲወጡ ቆንስሎቹና ኩባንያው ቀሩ።

የቀረው ኩባንያ ደግሞ ተራ ኩባንያ አልነበረም። አባዳን በዓለም ትልቁ የነዳጅ ማጣሪያ ነበር። ውሃውን፣ መብራቱን፣ ሆስፒታሉን፣ አውቶቡሱን የያዘው አንግሎ ኢራኒያን ኦይል ኩባንያ ነው። የእንግሊዝ ሹማምንት ብራይም በተባለው ሰፈር በአትክልት በተከበቡ ቤቶች ይኖሩ ነበር፤ ብዙው ኢራናዊ ሠራተኛ በተጨናነቀው የከተማው ክፍል፣ ሌላውም በቆርቆሮና በጭቃ ጎጆ። በመካከል ከሕንድና ከበርማ የመጡ የእጅ ባለሙያዎችና ጸሐፊዎች ነበሩ፤ አባዳን ውስጥ የራንጉን ሰዎች መስጊድ የሚባለው ዛሬም የእነሱ ማስታወሻ ነው። እነዚህ ሕንዳውያን በ1920 እና በ1922 ሥራ አቁመው ኩባንያውን ፈትነዋል። የእንግሊዝ ንጉሥ ተገዥ ስለሆኑም ከቆንስሉ መዝገብ ብዙውን ገጽ የሚሞሉት እነሱ ነበሩ። ሕንድና ፓኪስታን በ1947 ነጻ ሲወጡ ይህ ሁሉ ሕዝብ የራሱ መንግሥት ዜጋ ሆነ፤ በባሕረ ሰላጤው ዙሪያ ለቆንስልነት ሰው ሲያቀርብ የኖረው የሕንድ የፖለቲካ አገልግሎትም አብሮ አከተመ።

ሌሎች የእንግሊዝ ጥቅሞችም ነበሩ፤ በ1889 የተቋቋመው የእንግሊዞች ባንክ፣ ግሬይ ማኬንዚ የተባለው የመርከብ ወኪል፣ ከቦምቤይ የሚመላለሱት የብሪቲሽ ኢንዲያ መርከቦች። ከነዳጁ አጠገብ ግን ሁሉም ትንንሽ ናቸው።

የቆንስሉን ወንበር አስቸጋሪነት በደንብ የሚያሳየው የጁላይ 1946 አድማ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የኢራን የሠራተኛ ሕግ የዓርብ ዕረፍት ከነደመወዙ እንዲሆን ይል ነበር፤ ኩባንያው አንገራገረ። በግራ ዘመሙ በቱዴህ ፓርቲ የሚመሩት ማኅበራት ጁላይ 14 በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ይዘው ወጡ። አባዳን ውስጥ በሠራተኞችና በማኅበር በተደራጁ የአረብ ጎሳ አባላት መካከል ደም ፈሰሰ፤ ብዙ ሰው ሞተ። የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ወደ ሻት አል አረብ ቀረቡ፤ ሳይቆይም የሕንድ ወታደሮች ከወንዙ ማዶ ባስራ አጠገብ ሰፈሩ። የዓርቡ ደመወዝ በመጨረሻ ተከፈለ። ቱዴህ ግን የአረቦቹን ማኅበር ያደራጁት ኩባንያውና ቆንስሉ ናቸው ብሎ ከሰሰ። እንግሊዞች ካዱ። ወታደሮችና መርከቦች ባጠገቡ እያሉ የቆንስሉን ማስተባበያ የሚያምን ሠራተኛ ከየት ይገኛል?

ለንደን ውስጥም ጉዳዩ የታያቸው ነበሩ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኧርነስት ቤቪን በ1946፣ እኛ የድንጋይ ከሰላችንንና ባቡራችንን የመንግሥት እያደረግን ኢራን ነዳጇን እንዲህ ብታደርግ ምን መከራከሪያ አለን የሚል ጥያቄ ለባልደረቦቹ አንስቶ ነበር። ጥያቄው መልስ አላገኘም። በ1950 ኩባንያው ለኢራን 16 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ሲከፍል፣ ለእንግሊዝ ግምጃ ቤት የገባው ግብር 50 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ዘይቱ ከኩዜስታን ምድር ወጥቶ ይህን ያህል ሲበላለጥ፣ በአህዋዝ መንገድ ላይ ይህን ቁጥር ለሰማ ሰው ሌላ ቅስቀሳ አያስፈልገውም ነበር።

በማርች 1951 የኢራን ምክር ቤት ነዳጁ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ወሰነ፤ በሜይ መጀመሪያ ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሞሐመድ ሞሳዴቅ ነበር። እንግሊዞች የጦር መርከብ አቀረቡ፣ የነዳጁን ገበያ ዘጉ፣ ሄግ ወዳለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤትም ሄዱ። ጦር ግን አላዘመቱም፤ የአሜሪካ ተቃውሞ ከብዷቸው ነበር። በኦክቶበር መጀመሪያ የቀሩት የኩባንያው እንግሊዛውያን ጂምካና ክለብ ፊት ለፊት ተሰብስበው በጀልባ ሞሪሺየስ ወደተባለችው መርከብ ተሻገሩና ወደ ባስራ ሄዱ።

ኩባንያው ሲሄድ ቆንስሉ ለምን ይቀራል? ሞሳዴቅ በጃንዋሪ 1952 ይህን ጥያቄ መለሰ። ቆንስሎቹ በአገሬ ጉዳይ ጣልቃ ይገባሉ አለ፤ ከቴህራን ውጪ ያሉትን የእንግሊዝ ቆንስላዎች በሙሉ እንዲዘጉ አዘዘ። ክሱ በየአንዳንዱ ቆንስል ላይ እውነት ነው ብዬ አልፈርድም። ትእዛዙ ግን ከ1909 ጀምሮ የተገነባውን ነገር በትክክል የተረዳ ሰው ትእዛዝ ነው።

በጁላይ 1952 የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን የለኝም አለ። የ1933ቱ ውል በኢራን መንግሥትና በአንድ የውጭ ኩባንያ መካከል የተደረገ ውል ነው እንጂ በሁለት መንግሥታት መካከል የተፈረመ ስምምነት አይደለም፤ እንግሊዝም የውሉ ወገን አይደለችም ሲል ወሰነ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት እንግሊዛዊው ሰር አርኖልድ ማክኔር ራሱ ድምፁን የሰጠው ከአገሩ አቋም በተቃራኒ ነው። በኦክቶበር ኢራን ከእንግሊዝ ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች። በኢራን የቀሩት የእንግሊዝ ዜጎች ጉዳይም ወደ ስዊዘርላንድ ዲፕሎማቶች ተላለፈ።