የውኃ ማጣሪያ ከመግዛት በፊት ውኃውን ማወቅ

ሰው ሕመሙ ምን እንደሆነ ሳይመረመር ወደ መድኃኒት ቤት ገብቶ፥ «ከሁሉ ውድ የሆነውን መድኃኒት ስጡኝ» ቢል፥ የሚሰማው ሁሉ ይገረማል። የውኃ ማጣሪያ ሲገዛ ግን ብዙው ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዋጋው የተወደደውን ወይም ጎረቤቱ የገዛውን ዓይነት ይዞ ይመለሳል፤ መሣሪያው በቤቱ ውኃ ውስጥ ያለውን ጉድለት የሚያስወግድ መሆን አለመሆኑን አይጠይቅም። ገንዘብ ብቻ ቢባክን ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። የባሰው «ማጣሪያ አለን» ብሎ በመተማመን ለልጆቹ የማይታመን ውኃ ማጠጣቱ ነው።

የኮልፌ ቀራኒዮን ሁኔታ እንመልከት። የገፈርሳ ግድብ ከዚያው ከከተማው ምዕራብ፥ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ይገኛል፤ ለገዳዲ ደግሞ በስተምሥራቅ ነው። የእነዚህ ግድቦች ውኃ ለሕዝብ ከመታደሉ አስቀድሞ ተጣርቶ ክሎሪን ይጨመርበታል። ታዲያ ጉድለቱ ከየት ይመጣል ቢባል፥ ብዙውን ጊዜ በመንገድ ላይና በቤት ውስጥ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚታደልበት ሰፈር መሥመሩ ባዶ ሲሆን ግፊቱ ይወድቃል፤ ቧንቧው የተሰነጠቀ እንደሆነ በዙሪያው ያለው ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይሳባል። ከዚያም በአየር ጤናም ሆነ በዓለም ባንክ ሰፈር ያለው ቤተሰብ ውኃውን በሮቶና በጀሪካን ያጠራቅመዋል፤ በቆየ ቁጥር ክሎሪኑ እየደከመ ይሄዳል፤ በላዩም ያልታጠበ እጅና ኩባያ ይገባበታል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው ተረት ለወንዝ ቢነገርም፥ በብርጭቆ ውስጥ ጥርት ብሎ ለሚታየውም ይሠራል። በ2008 ዓ.ም. አተት አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ይህ ሥጋት የብዙ ቤት ጉዳይ ሆኖ ነበር።

የማጣራት ጥቅም በታሪክ የተፈተነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 በጀርመን አገር ሐምቡርግና አልቶና የተባሉት ጎረቤታሞች ከተሞች ሁለቱም ከኤልበ ወንዝ ይጠጡ ነበር። አልቶና ውኃውን በአሸዋ እያጣራች ስታድል፥ ሐምቡርግ ግን ሳታጣራ ታድል ነበር። ኮሌራ በመጣ ጊዜ በሐምቡርግ ከ8,000 በላይ ሰው ሲሞት፥ አልቶና በአብዛኛው ተረፈች።

በዛሬው ገበያ የሚገኙት ማጣሪያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሙያ አላቸው። የሸክላው ማጣሪያ ቀዳዳዎቹ እጅግ ጥቃቅን ስለሆኑ ጭቃን፥ አሜባንና ጃርዲያን፥ አብዛኛውንም ባክቴሪያ ያስቀራል፤ መብራትም አይፈልግም፤ ቫይረስ ግን ሊያልፈው ይችላል። የከሰሉ ማጣሪያ ሽታንና የክሎሪንን ጣዕም ያስወግዳል፤ ተሕዋስያንን እንዲገድል አልተሠራም፤ እንዲያውም ክሎሪኑን ስለሚወስደው ውኃውን ያለ ጠባቂ ያስቀረዋል። የአልትራቫዮሌት ጨረር ተሕዋስያንን ያጠፋል፤ ነገር ግን ውኃው ድፍርስ ከሆነ ጨረሩ በደንብ አይደርስም፤ መብራት ሲጠፋም ሥራ ይፈታል። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው የሟሟውን ጨውና ፍሎራይድን ጭምር ያስወግዳል፤ ስለዚህ ፍሎራይድ ጥርስን በሚያበልዝበት በስምጥ ሸለቆ፥ እንደ ወንጂና መተሐራ ባለው ስፍራ ሊጠቅም ይችላል። ዳሩ ግን በቂ ግፊት ይፈልጋል፤ አንድ ሊትር ለማጣራትም ብዙ ጊዜ ሦስት ሊትርና ከዚያ በላይ ያፈሳል። ውኃ በፈረቃ ለሚጠብቅ ቤት ይህ ከባድ ዕዳ ነው። በግቢው የጉድጓድ ውኃ የሚጠቀም ሰው አስቀድሞ በላቦራቶሪ ያስመርምር።

እንግዲህ የቧንቧ ውኃ እያጠራቀመ ለሚጠጣ የኮልፌ ቤተሰብ፥ ብዙውን ጊዜ የሚበጀው የሸክላ ማጣሪያና ከእሱ በኋላ በመጠኑ የሚጨመር ክሎሪን ነው። በኪራይ ክፍል የሚኖር ተማሪ ወይም ደመወዙ ገና ትንሽ የሆነ ሠራተኛ ማጣሪያ መግዛት ባይችል፥ ድፍርሱን በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ ያፍላው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል ይቆይ። ማገዶ ወይም መብራት ቢቸግር፥ ውኃ አጋርን የመሰለ የክሎሪን መድኃኒት በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው።

ገዢው ወደ መርካቶ ሲወርድ ለሻጩ አራት ጥያቄ ያቅርብ፤ ይኸውም፥ ይህ ዕቃ ምን ያስቀራል? ምንስ ያሳልፋል? በሰዓት ስንት ሊትር ይሰጣል? መለወጫው በስንት ጊዜ ይቀየራል፥ ዋጋውስ ስንት ነው? መለወጫ የማይገኝለት ማጣሪያ በነጻም ቢገኝ ውድ ነው፤ ያልታጠበና ጊዜው ያለፈበት ማጣሪያ ራሱ የተሕዋስያን ማደሪያ ይሆናልና።

ተማሪውና ወጣቱ ሠራተኛ ይህን ለእናቱና ለታናናሾቹ ቢያስረዳ ትምህርቱ ፍሬ አፈራ ማለት ነው። የተጣራው ውኃ ክዳንና መክፈቻ ባለው ንጹሕ ዕቃ ይቀመጥ፤ ኩባያም አይነከርበት። ይህ ካልተጠበቀ የደመወዝ ገንዘብ የፈሰሰበት ማጣሪያ ድካሙ ሁሉ በአንድ ኩባያ ይጠፋል።