ልጅ በዕድሉ ብቻ አያድግም



አንድ ዓመት በመስከረም መጨረሻ፣ እዚህ ሁሩታ፣ አንዲት የአጥቢያችን እናት የሰባት ዓመት ልጇን እጁን ይዛ መጣች። ልጁ አንደኛ ክፍል ከገባ ሦስት ሳምንቱ ነበር። «ፓስተር፣ አስተማሪው ልጅሽ አይሰማም፣ እርሳስ እንኳ መያዝ አይችልም አለኝ፤ እባክዎ ይጸልዩለት» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር፣ እጄን ስጭንበት በልቤ የፈለግሁት ክፉ መንፈስ ነበር። ጸሎቱን ጨርሰን ስንቀመጥ ግን፣ «እህቴ፣ እስከ ዛሬ ከማን ጋር ይውል ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። «እኔ ጉልት እውላለሁ፤ እሱ ከእህቱ ጋር ቤት ይውላል። ምን አደርጋለሁ ፓስተር፣ ልጅ በዕድሉ ያድጋል» አለችኝ። እህትየው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት።

ልጁ ታሞ አልነበረም። ማንም ቁጭ ብሎ ያጫወተው፣ ተረት የነገረው፣ የጠየቀውን የመለሰለት ሰው ስላልነበረ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ጉዳይ ከልቤ ስላልጠፋ፣ ያነበብሁትንና በአጥቢያ አገልግሎት ያየሁትን ላካፍላችሁ ወደድሁ።

አእምሮ የሚሠራበት ጊዜ

ሕፃን ሲወለድ የአንጎሉ መጠን የአዋቂውን ሩብ ያህል ነው። ሁለትና ሦስት ዓመት ሲሞላው ወደ ሰማንያ በመቶ ይደርሳል፤ ስድስት ዓመት ሲሆነው ዘጠና በመቶ ያህሉ አድጓል። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት በአንጎል ሕዋሳት መካከል በየሴኮንዱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዳዲስ ግንኙነቶች እንደሚፈጠሩ የዘርፉ ሊቃውንት ይናገራሉ። ልጁ የሚጠቀምባቸው ግንኙነቶች ይጠነክራሉ፤ የማይጠቀምባቸው ደግሞ ይከስማሉ። እንግዲህ እኛ «ገና ምን ያውቃል» የምንልበት ዘመን ዋናው የግንባታ ዘመን ነው ማለት ነው። ልጁ አንደኛ ክፍል ሲገባ መሠረቱ ተጥሎ፣ ግድግዳው ቆሞ ነው የምናገኘው።

የአርሲ ገበሬ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ስንዴው በበቀለ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አረሙ ካልተነቀለለት ወይም መድኃኒት ካልተረጨለት፣ በጥቅምት የፈለገውን ቢያደርግለት የጠፋውን ምርት አይመልሰውም። ልጅ እንደ ስንዴ አይደለም፣ በኋላም ሊረዳና ሊለወጥ ይችላል፤ ነገር ግን ዘግይቶ የሚደረገው ሁሉ የበለጠ ድካምና የበለጠ ገንዘብ ይጠይቃል።

ግንባታው የሚካሄደው በምንድን ነው? በምግብ፣ በፍቅርና በንግግር ነው። ሕፃኑ ድምፅ ያሰማል፣ እናቱ ትመልስለታለች፤ ወደ ዶሮዋ ይጠቁማል፣ «አዎ፣ ዶሮ ናት፣ እንቁላል ልትጥል ነው» ትለዋለች። ይህ መመላለስ በቀን መቶ ጊዜ ሲደጋገም ቋንቋም፣ ማሰብም፣ በሰው መታመንም ይሠራል። ሁልጊዜ የሚጮህበትና የሚደበደብ ልጅ ግን አንጎሉ በፍርሃት ስለሚያዝ ለመማር የሚተርፈው አቅም ያንሳል። ልጅን መቅጣት ከመጽሐፍ ነው ብለን የምንከራከር ወገኖች ይህን ጥቂት ብናስብበት መልካም ነው።

ምግቡን በተመለከተ፣ በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ፣ ከአምስት ዓመት በታች ከነበሩ የአገራችን ልጆች ከመቶ 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 38 ወርዷል። መሻሻሉ ትልቅ ነው፤ መንግሥትም በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን በተባለው ዕቅድ በሁለት ዓመት ዕድሜ ውስጥ ያለውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል ገብቷል። ሆኖም ግን እህል በሞላበት በእኛ አካባቢ እንኳ እንቁላሉ ወደ ገበያ ሄዶ፣ ወተቱ ተሸጦ፣ ሕፃኑ ዳቦና ሻይ ሲሰጠው በዓይናችን እናያለን። ጎተራ መሙላቱና የሕፃኑ ሳህን በተለያየ ምግብ መሙላቱ አንድ አይደለም።

ከጃማይካ የመጣ ምስክርነት

እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን እ.ኤ.አ. በ1986 እና 1987 የተጀመረ ጥናት ነው። በድሃ ሰፈሮች የሚኖሩ 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ተመረጡ፤ ዕድሜያቸው ከዘጠኝ ወር እስከ ሁለት ዓመት ነበር። ለአንዳንዶቹ ተጨማሪ ምግብ ብቻ ተሰጠ። ለሌሎቹ ደግሞ የሰፈር ጤና ሠራተኞች በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል ወደ ቤታቸው እየሄዱ፣ እናቲቱ ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወትና እንደምታወራ አሳዩአት። መጫወቻው ከቤት ዕቃ የተሠራ ነበር። ይህ ለሁለት ዓመት ቀጠለ፣ ከዚያም አበቃ።

ከሃያ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎቹ እነዚያን ልጆች ፈልገው አገኙአቸው። እናቶቻቸው የተጎበኙላቸው ልጆች ካልተጎበኙት ይልቅ ገቢያቸው በሃያ አምስት በመቶ በልጦ ተገኘ። ምግብ ብቻ የተሰጣቸው ግን ያን ያህል ዘላቂ ለውጥ አላሳዩም። ሰው በእንጀራ ብቻ እንደማይኖር እኛ ሰባኪዎች ስንት ጊዜ ሰብከናል! በሕፃን ላይ እንዲህ ተፈትኖ ይታያል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ልብ በሉ፣ ያን ሥራ የሠሩት ዶክተሮች አይደሉም። የእኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ወይም አንዲት የሴቶች ኅብረት እህት፣ ጥቂት ብትሠለጥን የምትችለው ነው።

በአሜሪካ ሚሺጋን በይፕሲላንቲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1962 የተጀመረው የፔሪ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ጥናትም ተመሳሳይ ነገር ያስተምረናል። 123 የድሃ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ፤ 58ቱ ጠዋት ጠዋት በጨዋታ ላይ የተመሠረተ ትምህርት አገኙ፣ መምህራኑም በየሳምንቱ ቤታቸውን ይጎበኙ ነበር። በፈተና ያሳዩት ብልጫ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጠፋ። ብዙ ሰው በዚህ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ይሁን እንጂ አርባ ዓመት ሲሞላቸው ሲታዩ ትምህርታቸውን የጨረሱ፣ የተሻለ የሚያገኙ፣ ከወኅኒ የራቁ ሆነው ተገኙ። ከፊደልና ከቁጥር በላይ የቀረላቸው ትዕግሥት፣ ራስን መግዛትና ከሰው ጋር መኖር ነበር።

«ኤ ለአፕል»

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። የመጀመሪያ ልጄን ሦስት ዓመት ሲሞላው ነርሰሪ አስገባሁት። ትምህርት ቤቱ ማስታወቂያው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ እኔም ደስ አለኝ። ልጄ በሁለት ወር «ኤ ለአፕል፣ ቢ ለቦል» ማለት ጀመረ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር አቆመውና አስብለው ነበር። አፕል ቀምሶ አያውቅም። ማታ ማታ አንድ ገጽ ሙሉ ፊደል ገልብጦ እንዲመጣ የቤት ሥራ ይሰጠዋል። ጥቂት ቆይቶ የተወውን አልጋ ማርጠብ እንደገና ጀመረ፤ ጠዋት ጫማውን ስናደርግለት ያለቅሳል። የነቃችው ባለቤቴ ናት። «ልጁን የምታስተምረው ለእሱ ነው ወይስ ለእንግዶችህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ብዙዎቻችን መዋዕለ ሕፃናትን የአንደኛ ክፍል ታናሽ ወንድም አድርገን እናየዋለን። ልጁ ደብተር ከሞላ ተማረ እንላለን፤ ከተጫወተ ገንዘባችን ባከነ እንላለን። የአራት ዓመት ልጅ ግን የሚማረው በእጁና በእግሩ ነው። ቅልልቦሽ ስትጫወቱ ያደጋችሁ እህቶች፣ መደመርና መቀነስን ከጠጠር ጋር ነው የለመዳችሁት። በሰኞ ማክሰኞ ተራ መጠበቅ ይለመዳል። በእቃ እቃ ጨዋታ ልጅቷ እናት ሆና፣ ወንድሟ እንግዳ ሆኖ፣ ሌላ ሰው ምን እንደሚያስብ ይማራሉ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንላለን፤ ለራት ላይበቃ ይችላል፣ ነገር ግን ሊጥ የሚጨምቁ ጣቶች ናቸው በኋላ እርሳስ አጥብቀው የሚይዙት። ያ የጉልት ነጋዴዋ ልጅ ያጣው ይህንን ነበር።

በአገራችን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናትን አውቆታል፤ አቅርቦቱ ግን በአብዛኛው ለግል ድርጅቶች፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለማኅበረሰቡ ስለተተወ ገጠሩ ሳይደርሰው ቀረ። ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ 3,000 ኢትዮጵያውያን ልጆችን የተከታተለው ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት፣ በከተማ ከግማሽ በላይ የሆኑት ልጆች ቅድመ መደበኛ ትምህርት ሲያገኙ በገጠር ግን ከመቶ አራት እንኳ እንዳልሞሉ አሳይቷል። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ማዕቀፍ አወጡ፤ በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የምናውቀው ኦ ክፍል የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲም ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት ትምህርት አድርጎ በሥርዓቱ ውስጥ አስገብቶታል። በወረቀት ደረጃ ብዙ ተሄዷል። ቢሆንም ኦ ክፍል ልጁን የሚያገኘው ዋናው ግንባታ ካለፈ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ የቤትና የጎረቤት ነው፣ የእኛም።

የቋንቋ ነገር

በሁሩታ በአንድ ግቢ ውስጥ ኦሮምኛና አማርኛ ይሰማል። ወላጆች «በየትኛው እናውራው?» ብለው ይጠይቁኛል። እናት በምታውቀው፣ ልቧ ባለበት ቋንቋ ታውራው። በአንድ ቋንቋ በደንብ የተናገረ ልጅ ሌላውን ለመጨመር ይቀለዋል፤ ሁለቱንም እየሰማ ቢያድግ ደግሞ አይጎዳውም። የሚጎዳው ወላጅ በማይችለው እንግሊዝኛ ሁለት ቃል ተናግሮ ዝም ሲል ነው።

ይህን የእምነት አባቶቻችን ከእኛ ቀድመው አውቀውታል። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ሁለቱም በባርነት ተሽጠው ነፃ የወጡ ነበሩ። በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1894 ለኦሮምኛ ተማሪዎች የንባብ መጽሐፍ አሳተሙ። ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1899 ነው። አስቴር ለዚያ መጽሐፍ ከትዝታዋ የሰበሰበችው የሕዝቡን ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ነበር። እኛ ዛሬ የእሷን ሥራ እያመሰገንን፣ በቤታችን ግን እንቆቅልሽና ሂቦ የዓለም ነገር ነው ብለን የጣልን አለን።

የአዳራሹ ቁልፍ

በዘዳግም ስድስት ወላጆች የታዘዙት ለልጆቻቸው እንዲናገሩ ነው፤ ቤት ሲቀመጡ፣ መንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሡ። የትምህርት ሰዓት አልተመደበለትም፤ ቀኑን ሙሉ የሚደረግ ጨዋታ ነው። ጳውሎስም ጢሞቴዎስ መጻሕፍትን ያወቀው ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደሆነ ሲናገር (2ኛ ጢሞ. 3፥15) የተጠቀመበት ብሬፎስ የሚለው የግሪክ ቃል፣ ሉቃስ በኤልሳቤጥ ማሕፀን ስለዘለለው ጽንስ የተጠቀመበት ነው (ሉቃ. 1፥41)። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ይህን ለፈተና አጥንቼዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ልጄ ማልቀስ ከጀመረ በኋላ ነው።

ወደ ራሳችን ልመለስ። አብዛኛው አጥቢያ አዳራሽ አለው፣ ግቢ አለው፣ ውኃ አለው፤ ከጾም ጸሎትና ከልምምድ ፕሮግራም በቀር ከሰኞ እስከ ዓርብ ተቆልፎ ይውላል። እሑድም ቢሆን ለሕፃናት የምንሰጠው ከኋላ ያለችውን ጠባብ ክፍልና ገና ያላገለገለ ወጣት ነው። መዋዕለ ሕፃናት ለመክፈት ፈቃድ፣ የሠለጠነ መምህርና ገንዘብ ያስፈልጋል። እናቶችን ከነልጆቻቸው በሳምንት ሁለት ጠዋት ለመሰብሰብ ግን ምንጣፍና ፈቃደኛ እህቶች ይበቃሉ። መጫወቻው ከአናጢ ቤት የተረፈ እንጨት ተሞርዶ፣ ከጨርቅ የተሰፋ አሻንጉሊት፣ ተጠቅልሎ የተሠራ ኳስ ነው። ቆርኪና ጠጠር ለትልልቆቹ ብቻ ይሁን፤ ታናናሾቹ ወደ አፋቸው ይከቱታል።

እኛ ጋ ጥያቄው ለሽማግሌዎች ሲቀርብ መጀመሪያ የተነሣው ምንጣፉ ይቆሽሻል የሚል ነበር። ሁለት ስብሰባ ፈጀ። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ይከፈታል፤ ጉልት የሚውሉ እናቶች ግን በዚያ ሰዓት መምጣት ስለማይችሉ፣ ሁለት እህቶች ከገበያ በፊት ማልደው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ይህኛው ከአዳራሹ ይልቅ የተሻለ ፍሬ እያሳየ ነው።

ስለ ልጁ ከጠየቃችሁ፣ ጨዋታና ተረት ሲያገኝ እርሳሱንም ያዘ፣ አስተማሪውንም መስማት ጀመረ፤ አንደኛ ክፍልን ግን ደገመ። እኔን ያሳፈረኝ ሌላ ነው። ያን ቀን ስለ እሱ ስንጸልይ፣ እሱን ስትጠብቅ ትምህርት ቤት ያልገባችውን እህቱን ማንም አላነሣትም፤ እኔም አላነሣኋትም። በተከታዩ መስከረም አሥር ዓመቷ ላይ ተመዘገበች፤ የተቀመጠችውም አንደኛ ክፍል፣ ከወንድሟ ጎን ነው።