በመቅደላ ዐምባ የታሰሩት የውጭ አገር ሰዎች የዕለት ኑሮና የጊዜ ማሳለፊያ

ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር የኖረ ሰው ለምን ጉዳይ እንደ መጣ የታሪክ መጻሕፍት ይናገራሉ፤ ቀኑን በምን ያመሸው እንደ ነበረ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። የሕዝብን ኑሮና ልማድ ለሚመረምር ሰው ይህ ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው አያንስም። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፥ ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው በመቅደላ ዐምባ፥ ከ1858 እስከ 1860 ዓ. ም. ታስረው የኖሩት የውጭ አገር ሰዎች ይህን ለመመርመር የሚረዳ ብዙ ነገር ትተዋል።

የነገሩ መነሻ የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ. ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ስለ ቀረ፥ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ካሜሮን በ1856 ዓ. ም. ታሰረ። እርሱንና አብረውት የታሰሩትን ሚሲዮናውያን ለማስፈታት ሆርሙዝ ራሳም፥ ሐኪሙ ዶክተር ብላንክና የጦር መኰንኑ ፕሪዶ የንግሥቲቱን መልስ ይዘው መጡ። በመጀመሪያ በክብር ተቀበሏቸው፤ ኋላ ግን ለመሰናበት ሲቀርቡ ተያዙና ሐምሌ 6 ቀን 1858 ዓ. ም. መቅደላ ገቡ። ጥቂት ቀን እንዳለፈም እግር ብረት ገባላቸው።

እግር ብረት የገባለት ሰው አካሄዱ ብቻ ሳይሆን አለባበሱም ይለወጣል። ሁለቱ ቀለበቶች በአጭር ሰንሰለት የተያያዙ ስለ ሆኑ ርምጃው ያጥራል፤ ሱሪ ማጥለቅና ማውለቅም ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። ዐምባው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ክረምቱም ከባድ ነው። እስረኞቹ ያደሩት እንደ አገሩ ሰው በሣር ክዳን ጎጆ ነበረ። ስለዚህ ዝናብ የሚያፈሰውን ጣራ ማስጠገን፥ አጥሩን ማጠናከርና ግቢውን ማሰናዳት የመጀመሪያዎቹ የቀን ሥራዎቻቸው ሆኑ።

ከዚህ ቀጥሎ የተያዙት አትክልት ነው። ከባሕር ጠረፍ ያስመጡትን ዘር በግቢያቸው ዘርተው አተርና ሰላጣ የመሳሰለውን አበቀሉ። ይህ ለምግብ ብቻ የተደረገ አልነበረም። ነገ ምን እንደሚደርስበት የማያውቅ ሰው ዘር ሲዘራ፥ ቡቃያውን ለማየት የሚጠብቀው ቀን ያገኛል፤ ለቀናቱም መቁጠሪያ ይሆነዋል። ሲመሽ ካርታ ይጫወቱ ነበረ፤ ያሏቸውን ጥቂት መጻሕፍትም ደጋግመው ያነቡ ነበረ። ዶክተር ብላንክ ደግሞ የዐምባውን ሕመምተኞች ያክም ስለ ነበረ፥ ከጎረቤት ጋር የሚገናኝበት የራሱ ሥራ ነበረው።

የራሳም ቀን የሚያልፈው በአብዛኛው በእንግዳ መቀበል ነበረ። ራሳም በሞሱል የተወለደ ሲሆን ዐረብኛ ዐዋቂ ነበረ፤ አማርኛ ግን አያውቅም። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የሚያልፈው በባልደረባው በሳሙኤል በኩል ነበረ። ባልደረባ ማለት በቤተ መንግሥት ሥርዐት ለእንግዳ የሚመደብ፥ ጉዳዩን ለንጉሥ የሚያቀርብለትና የንጉሡን ቃል የሚያመጣለት ሰው ነው። ራሳም ይህን የአገሩን ወግ በቶሎ ተረዳ። በግቢው ጠጅ ያስጥል ነበረ፤ የዐምባውን ሹማምንት ይጋብዛል፥ እንደ ማዕረጋቸውም ስጦታ ይሰጣል። ዐፄ ቴዎድሮስ እስረኛቸውን ወዳጄ እያሉ ስለ ጤንነቱ ይጠይቁት ነበረ፤ እርሱም በዚያው ትሕትና ይመልስ ነበረ። ደብዳቤውን በጨዋ ቃል ማሰናዳት ለራሳም ትልቅ ሥራ ነበረ፤ አንድ ቃል ቢሳሳት የሁሉም ሕይወት ያሠጋ ነበረና።

ነገር ግን ጠጁም፥ ግብዣውም፥ ስጦታውም በገንዘብ የሚሆን ነው። ገንዘቡ ከምጽዋ የሚላክ የማርትሬዛ ብር ሲሆን፥ ከዚያ የሚልከው ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ሰው ነበረ። ብሩንና ደብዳቤውን በምስጢር ያመላለሱት ግን ኢትዮጵያውያን መልእክተኞች ናቸው። የእንግሊዝ ጦር ኋላ ከዙላ እስከ መቅደላ የተጓዘው መንገድ ወደ 640 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መልእክተኞቹ ይህን የመሰለ ርቀት በእግራቸው፥ በሽፍታና በጦር መካከል ያልፉ ነበረ። ቢያዙ የሚጠብቃቸው ቅጣት ከባድ ነበረ። እስረኞቹ ከማናቸውም ነገር አብልጠው የሚናፍቁት የእነዚህን ሰዎች መምጣት ነበረ፤ ደብዳቤ የገባበት ቀን ለእነርሱ እንደ በዓል ነበረ። እንግዲህ የእንግዶቹ ዕረፍትና ጨዋታ በወጥ ሠሪዎች፥ በውሃ ቀጂዎች፥ በአስተርጓሚና በእግረኛ ድካም ላይ የቆመ ነበረ።

በዚያው ዘመን በጋፋት፥ ከደብረ ታቦር አጠገብ፥ ሌሎች አውሮፓውያን ይኖሩ ነበረ። እነዚህ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ሲሆኑ፥ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ከአገሩ ተጋብተው ልጅ ወልደዋል፤ ለንጉሡም መድፍ ይሠሩ ነበረ። ሴባስቶፖል የተባለውም፥ ክብደቱ 7 ቶን ያህል የሆነው መድፍ፥ የእነርሱ ሥራ ነው። የጋፋቱ ሰው ቀኑ በሥራ ይሞላል፤ የመቅደላው እስረኛ ግን ቀኑን የሚሞላበትን ሥራ ራሱ መፍጠር ነበረበት። የሁለቱ ኑሮ ልዩነት ከሁሉ ይልቅ በዚህ ይታወቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ. ም. መንገድ እያስጠረጉ መድፉን በበሽሎ ሸለቆ አሻግረው ወደ መቅደላ ሲያመጡ፥ የጋፋት ሰዎችም አብረው መጡ፤ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ስፍራ ተገናኙ።

በመቅደላ የታሰሩት ግን የውጭ አገር ሰዎች ብቻ አልነበሩም። ከየአገሩ የተያዙ ብዙ ኢትዮጵያውያን መኳንንትና ባላገሮች በዚያው ዐምባ በሰንሰለት ይኖሩ ነበረ። ለእነዚህ ከምጽዋ ብር የሚልክላቸው አልነበረም። ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ. ም. ከእነዚህ ብዙዎቹ ከገደል ተወርውረው ሞቱ። በማግስቱ በአሮጌ ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 4 ቀን ራሳምና ጓደኞቹ ወደ ጄኔራል ናፒየር ሰፈር ተሰደዱ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞቱ። የእንግሊዝም ጦር ዐምባውን አቃጥሎ፥ የብራና መጻሕፍቱንና ሌላውን ንብረት ወሰደ።

ራሳም፥ ብላንክና ሚሲዮናዊው ስተርን አገራቸው እንደ ገቡ የእስራታቸውን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ። አትክልታቸውና ካርታቸው፥ ጠጃቸውና ደብዳቤያቸው እስከ ዛሬ የታወቀው በዚህ ምክንያት ነው። ከአጥሩ ባሻገር የታሰረው ባላገር ቀኑን በምን እንዳመሸ የጻፈ ግን የለም። ስለዚህ የእንግዶቹን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ስለ ራሳቸው የጻፉትን ብቻ ሳይሆን፥ በየገጹ ስማቸው ሳይጠራ የሚያልፉትን፥ ውሃ የቀዱትን፥ ደብዳቤ ያደረሱትንና ዘብ የቆሙትን ሰዎች ፈልጎ ማስተዋል ይገባዋል። የመቅደላ ዐምባ የዕለት ኑሮ በሙሉ የሚታወቀው እነርሱ ሲጨመሩበት ነው።