ምጥ ከመምጣቱ በፊት፦ ነፍሰ ጡር እናትና ቤተሰቧ ሊያሟሉት የሚገባ ዝግጅት

ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የሚፈሳት እናት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሕይወቷን ልታጣ ትችላለች። ስለ ትራንስፖርት፣ ስለ ገንዘብና ስለ ጤና ተቋም መመካከር የሚገባው ምጥ ከመጣ በኋላ ሳይሆን የእርግዝና ክትትል ከሚጀመርበት ጊዜ አንሥቶ ነው።

የመውለጃ ጊዜ በግምት የሚሰላው የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን 280 ቀናትን በመቁጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር ይህ 9 ወር ከ10 ቀን ይሆናል፤ ጳጉሜን በመካከል ከገባች ደግሞ 9 ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት 9 ወር ከ4 ቀን። ለምሳሌ የወር አበባዋን መስከረም 1 ቀን ያየች እናት ሰኔ 11 አካባቢ ትወልዳለች ተብሎ ይጠበቃል። ቀኑ ግምት በመሆኑ ቀድሞ መሰናዳት ይመረጣል።

የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ለመጓጓዣ፣ ለአስታማሚ ምግብና ለድንገተኛ ሪፈር የሚሆን ገንዘብ በጊዜ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አብሮ የሚሄደው ማን እንደሆነ፣ ቤት የሚቀሩትን ልጆች ማን እንደሚጠብቅ፣ ደም ቢያስፈልግ ማን እንደሚለግስ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። ባለቤቱ ለሥራ ርቆ የሚሄድ ከሆነ፣ እርሱ እስኪመጣ ሳይጠበቅ እናቲቱን ወደ ጤና ተቋም የሚወስድ ሰው ከወዲሁ መታወቅ አለበት። አምቡላንስ በአቅራቢያ ካለው ጤና ጣቢያ ወይም በ907 ከኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር መጠየቅ ይቻላል።

መንገድ በማይገባበት ወይም በክረምት ወንዝ በሚሞላበት አካባቢ ለሚኖሩ እናቶች አምቡላንስ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ቃሬዛ ተሸክሞ ተራራ መውረድ ሰዓታት ይፈጃል። በበርካታ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ግቢ የተዘጋጁት የእናቶች ማቆያዎች የታሰቡት ለእነዚህ እናቶች ነው። ቤታቸው ከጤና ተቋም የራቀ እናቶችና ቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወለዱ ወይም መንታ ያረገዙ፣ የመውለጃ ጊዜያቸው ሲቃረብ በማቆያው ይቆያሉ። ብዙ እናቶችን ከዚህ የሚያስቀራቸው የቤታቸው ጉዳይ ነው፤ ከብቱን፣ ልጆቹንና ማሳውን ለማን ጥለው ይሂዱ? ይህን ጥያቄ ባልና ጎረቤት ካልመለሱት ማቆያው ባዶውን ይቀራል። የምግቡና የመኝታው ሁኔታ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን አስቀድሞ መጠየቅ ይጠቅማል።

ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ መንቀጥቀጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ምጥ ሳይጀምር የእንሽርት ውኃ መፍሰስ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ሲታይ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግዴታ ነው። ከምልክቶቹ አንዱ ብቻ መታየቱ በቂ ነው።

ወደ ጤና ተቋም ሲኬድ የክትትል ካርድ፣ ንጹሕ ጨርቆች፣ ለእናቲቱ ቅያሪ ልብስ፣ ለሕፃኑም መጠቅለያና ኮፍያ ይያዛል። ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት መጥባት ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ቢጫማ ወተት፣ እንገሩ፣ ከበሽታ ስለሚከላከለው ታልቦ አይደፋም፤ ቅቤም አይቀምስም። እናትና ሕፃን ከወሊድ በኋላ ቢያንስ ለ24 ሰዓታት በጤና ተቋሙ ይቆያሉ።